ያልቃል ያልኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰንብተሻል? ወገብሽስ? አባባን ስታነሺና ስታስተኚ ይይዘኛል ያልሽው ቦታ ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም አልሽ? አባባስ እንደምን ናቸው፤ እህል ይቀምሳሉ? እንቅልፍስ ይወስዳቸዋል? አክስታችንስ ከነጉልበት ሕመሟ አሁንም ጓዳ ተቀምጣ በሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ፍርድ ትሰጣለች? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። የምበላው አላጣሁም፤ ጥርሴም ካስነቀልኩት ወዲህ አርፎልኛል። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ስለ ሰውነቴ ብቻ መሆኑን ያዢልኝ፤ የቀረውን ከታች ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ቶሎ ያልመለስኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እጮኛሽ በያጁ ከዚህ ዓመት በላይ መጠበቅ እንደማይችል ነግሮሽ፣ አንቺም እንደማትፈርጂበት ጽፈሽ፣ ከዚያ ለኔ አንዲት መስመር ጨመርሽ። በቅርቡ የሚባል ወር የለም፤ ሥራህ የሚያልቅበትን ወርና ዓመት በቁጥር አስቀምጥልኝና እኔም ቀኔን ልቁረጥ አልሽኝ። ይህችን መስመር በኪሴ ይዤ ስዞር ሰነበትኩ። ስትቆጪኝ እስቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ይህችኛዋ ግን ቁጣ የለባትም። ደክሞሽ ነው የጻፍሻት፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ቁጥሩ አለኝ፣ እታለም። ሦስት ዓመት ሙሉ በእጄ ነበር። ከመንገሬ በፊት ግን ሥራዬ ምን እንደሆነ በቅጡ ላስረዳሽ፤ እስከዛሬ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ነው እያልኩ አድበስብሼዋለሁና።

የምሠራው የሰሌዳ ጨዋታዎች በሚያመርት ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ክፍሏ ስድስት እርምጃ በአራት ናት። በአንዱ ግድግዳ ሦስት ማሽኖች በብረት ቁምሳጥን ተዘግተው ቀን ከሌት ያጉረመርማሉ፤ ሙቀታቸው በብርዱ ጊዜ ያስደስታል፣ በሙቀቱ ጊዜ ሸሚዝ ያስወልቃል። መስኮቷ ጣሪያው ሥር ስለሆነች የሚታየኝ የእግረኛው መንገድ ብቻ ነው። የዚህን ከተማ ሰው የማውቀው በጫማው ነው ብልሽ አልዋሸሁም። ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተረከዙ ባንድ ጎኑ ያለቀ ቡናማ ጫማ ያልፋል፤ የቀረ ቀን ምን አገኘው ብዬ እጨነቃለሁ። ማሽኖቹን የሚንከባከብ አንድ ባልደረባ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከማራገቢያዎቹ ጋር ሲጣላ ስለሚውል ስሙን ትተን ማራገቢያ እንለዋለን። እሱ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኮቱን ደርቦ ይሄዳል።

ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው ትልቁ ዳማ የሚባል ጨዋታ ፈጥረው ነበር፤ እኛ በቆርኪ ከምንጫወተው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሰሌዳው መቶ ቤት ነው፣ ጠጠሩም በያንዳንዱ ወገን ሃያ። የሽማግሌው ምኞት ከመሞታቸው በፊት የአባታቸውን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ማወቅ ነው። ይኸውም ጠጠሮቹ ሊሰለፉ የሚችሉበት መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ታይቶ፣ ከዚህ አሰላለፍ ነጩ ያሸንፋል፣ ከዚህ ጥቁሩ፣ ከዚህ ደግሞ እኩል ይወጣሉ ብሎ የሚናገር ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። የሚሠራው ከኋላ ተነስቶ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ጠጠር ብቻ የቀረበትን ሁሉ ትጨርሻለሽ፣ ከዚያ ሦስት የቀረበትን፣ ከዚያ አራት፣ እያልሽ እስከ አርባ ትወጫለሽ።

ለቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ዕለት ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ይህ ሥራ ያልቃል ወይስ አያልቅም? እኔም ተነስቼ ግድግዳው ላይ እየጻፍኩ አስረዳሁ። ጠጠሩ የተቆጠረ ነው፣ ቤቱም የተቆጠረ ነው፣ ስለዚህ አሰላለፉ ብዙ ቢሆንም መጨረሻ አለው፤ መጨረሻ ያለውን ነገር ሳይደግምና ሳይዘል የሚያይ ስልተ ቀመር የግድ ይጨርሳል። ማስረጃው ስድስት መስመር ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታዪ። ትምህርት ቤት ያገኘሁት ሽልማት ሁሉ እዚያች ስድስት መስመር ውስጥ ነበር። እሳቸውም ደስ አላቸውና ማስረጃውን በወረቀት አስገለበጡኝ፤ ውሉን ሲያጽፉም፣ ሠራተኛው ሥራውን አጠናቆ እስኪያስረክብ ድረስ ያገለግላል የሚል ቃል አኖሩበት። ፈረምኩ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኔም አላሰብኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነበር። ግንበኛ ይጠይቃል፣ ልብስ ሰፊ ይጠይቃል። በያጁ ራሱ አንዲት የመስኮት ፍርግርግ ለመሥራት ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ሳይናገር መሣሪያውን አያነሳም። እኔ ግን ያልቃል የሚለውን ካረጋገጥኩ በኋላ ዋናው ነገር ያበቃ፣ የቀረው ተራ ልፋት መሰለኝ። ለናንተ ሁለት ዓመት ያልኳችሁንም ከስሌት አላመጣሁትም። የሚሄድ ሰው ሁሉ ሁለት ዓመት ስለሚል እኔም አልኩ። ያኔ አባባ በምርኩዝ ይራመዱ ነበር። ሁለት ዓመት አንቺ ያዢያቸው፣ ከዚያ ተራው የኔ ነው ብዬ ደጃፍ ላይ ቃል ስገባልሽ ቦርሳዬ እንኳ ቀሎኝ ነበር።

እንግዲህ ቁጥሩ ይኸው። አራት ጠጠር የቀረበትን ማሽኖቹ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረሱት። አምስቱ አንድ ቀን ወሰደ። ስድስቱ አንድ ወር። ስድስቱ ያለቀ ዕለት ሽማግሌው ብርቱካን በከረጢት ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱና አጨበጨቡልኝ። እኔ ብርቱካኑን እየላጥኩ ወሩን ለቀኑ አካፈልኩት፤ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረውን ሁሉ አወቅሁት። እጥፉ በየጠጠሩ በመጠኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሰባቱ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ይፈጃል ብዬ አሰብኩ፤ እንዳልኩትም ፈጀ። አሁን የያዝነው ስምንቱን ነው። ስምንቱ አርባ አምስት ዓመት ይፈልጋል። አንዱን ገፍተናል፣ አርባ አራት ይቀራል። ሲያልቅ እኔ ሰባ አምስት፣ አንቺ ሰማንያ አንድ ዓመት ይሆነናል። ከዚያ ዘጠኙ ይቀጥላል፤ ለሱ ስምንት መቶ ዓመት አይበቃም። አሥሩንና ከዚያ በላይ ያለውን አልጻፍኩልሽም፤ ወረቀት ማባከን ነው።

ፈጣን ማሽን ግዙ ትይኝ ይሆናል። ማራገቢያም ይህንኑ ይላል፤ አሥር እጥፍ የሚፈጥን አይቷል። አሰላሁለት። አሥር እጥፍ የፈጠነ ማሽን የሚያተርፍልን አንድ ጠጠር እንኳ አይሞላም።

ይህን እያወቅሁ ነው ሦስት ዓመት በቅርቡ ስልሽ የኖርኩት። ደብዳቤዎቼን አስቀምጠሽ እንደሆነ አውጥተሽ እያቸው። ሥራው እየገፋ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ እየገፋ ነው። አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም ይላሉ፤ እውነት ነው። አንዲት የሐሰት መስመር አታገኚባቸውም። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል።

የሚያናድደኝ ደግሞ ዳማ ለመጫወት ይህ ሁሉ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። አንቺ ስትጫወቺ መቼ ታስቢ ነበር? እኔ ጭንቅላቴን ይዤ ይህን ባነሳ ያን ትበላለች፣ ያን ብትበላ ይህን እላለሁ እያልኩ ስቆጥር፣ አንቺ ልብስ እያጠብሽ እጅሽን ቀሚስሽ ላይ አድርቀሽ መጥተሽ አንዱን ትገፊና ትመለሻለሽ። ሦስተኛው ላይ ጠጠሬ አልቆብኝ አገኘዋለሁ። አባባ ይህ ልጅ ሲያስብ ተበላ ብለው ይስቁብኝ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ልክ እንዳንቺ የሚጫወት ፕሮግራም ሠራሁ። ጥቂት እርምጃ ወደፊት ያያል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይገምታል፣ ይወስናል። ፋብሪካው ፊት ለፊት ባለው ሱቅ መስኮት ላይ ተቀምጦ ከመንገደኛው ሁሉ ጋር ይጫወታል። ስመ ጥር ተጫዋቾች ሳይቀሩ ሞክረውታል፤ እስካሁን ያሸነፈው የለም።

ይኸው ጨርሻለሁ፣ ይህ ይበቃል ብዬ ሽማግሌውን ለመንኳቸው። አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ አንተ ራስህ በመጀመሪያው ቀን አስተምረኸኛል እኮ አሉኝ፤ እስካሁን ያሸነፈው አለመኖሩና የሚያሸንፈው አለመኖሩ ለየቅል ነው ብለሃል። ብያለሁ። በትልቁ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ስለ አርባ አምስቱ ዓመት ስነግራቸው ደግሞ ስሌቱን ያሰፈርኩበትን ወረቀት መነጽራቸው ሥር አስገብተው ብዙ ካዩ በኋላ፣ ግን ያልቃል አይደል? አሉ። ያልቃል አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እንግዲያው በርታ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። መልሱ የታወቀ ጨዋታ የሚል ጽሑፍ ያለበት አሥር ሺህ ሳጥን አስቀድመው አሳትመዋል። ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ወደ ክፍሌ የምገባው በጎኔ ነው።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ጠልቻቸው ይወጣልኝ ነበር። ሲያመኝ ሐኪም ይዘው ይመጣሉ። ስለ አባባ ይጠይቁኛል፤ አንቺንም በስም ያውቁሻል። መልቀቂያ ይስጡኝ ስላቸው ግን አይሆንም። እዚህ አገር የውጭ ሰው ከአሠሪው መልቀቂያ ካልያዘ በኬላም በአውሮፕላንም አይወጣም። መልቀቂያው ላይ ሥራው ተጠናቋል የሚል መስመር አለ፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልፈርምም ይላሉ። ሀቀኛ ናቸው። አንቆ የያዘኝ ሀቃቸው ነው።

ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮም አመልክቻለሁ። ሰኞ ሰኞ ፈቃድ እየጠየቅሁ መስኮት ቁጥር ሦስት ፊት እሰለፋለሁ። ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት፤ ውሉን ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። ማለቂያ የሌለው ውል ቢሆን ኖሮ ሕገ ወጥ ነውና ዛሬውኑ አፈርሰው ነበር አለችኝ፤ ያንተ ግን ማለቂያ አለው፣ ማለቂያ እንዳለውም አንተው ራስህ ያስረዳህበት ወረቀት ከፋይሉ ጋር ተያይዟል። አሳየችኝ። የእጅ ጽሑፌ ነው፤ ስድስቱ መስመር። እንዲህ በጥሩ ብዕር የተጻፈ ምነው አይጠፋም፣ እታለም? ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሳቅ አልሆነም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወር ሽማግሌው መላ አገኘሁ ብለው ወረዱ። ሥራውን እስኪያልቅ ድረስ ልሠራ ብሎ በኔ ቦታ የሚፈርም አዋቂ ሰው ከተገኘ፣ እሱ የፈረመ ዕለት ለኔ መልቀቂያዬን ሊሰጡኝ ተስማሙ። ማስታወቂያ አወጡ። አንድ ሰው ብቻ አመለከተ። ሩቅ አገር ያለ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ሁለት ሴት ልጆች ያሳድጋል። ለማመልከቻው አንድ ጥያቄ አያይዞ ነበር፤ ሽማግሌውም የምታውቀው አንተ ነህ፣ አንተ መልስለት ብለው ሰጡኝ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ልጆቼን እናቴ ዘንድ ትቼ ነው የምመጣው፤ ሁለት ዓመት ብያቸዋለሁ፤ ለመሆኑ ሥራው ያልቃል ወይ?

የሱ ደብዳቤና ያንቺ በአንድ ሳምንት ደረሱኝ። ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አራት ቀን አየኋቸው። ማራገቢያን አማከርኩት። ያልቃል ብለህ ላክለት፣ ውሸት የለበትም አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለበትም። ጻፍኩ። አዎ ያልቃል አልኩ፣ ማስረጃውንም አሰፈርኩለት። ፖስታውን አሸግሁ፣ ቴምብር ለጠፍኩበት። አልደብቅሽም፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ስገባ፣ አባባ ድምፄን ሰምተው አንገታቸውን ወደ በሩ ሲያዞሩ፣ አንቺ ከነሻንጣሽ ከበያጁ ጋር ስትወጪ ሁሉ ታየኝ። ማሽኖቹ መሃል ተቀምጬ አፏጨሁ። ማራገቢያ የየትኛው ማራገቢያ ድምፅ ነው ብሎ ሊፈትሽ ተነሳ።

ከዚያ ላንቺ የምሥራቹን ልጽፍ ተቀመጥኩ። እመጣለሁ ብዬ ጀመርኩ። ሥራው ሳያልቅ እንዴት ትመጣለህ እንደምትይኝ አውቃለሁና፣ ሌላ ሰው ተካኝ ብዬ ጨመርኩ። ያ ሰው ምን ተብሎ መጣ ብትይኝ የሚለው ላይ ደርሼ ቆምኩ። ያልቃል ተብሎ። ውሸት የለበትም የሚባለውን ነገር ሦስት ዓመት ባንቺ ላይ ስሠራበት ኖሬአለሁ፤ ምን እንደሚያደርግ ካንቺ ወገብ ላይ አውቀዋለሁ። እነዚያ ልጆችም ሁለት ዓመት ተብለዋል።

የታሸገውን ቀደድኩት። በምትኩ ለመምህሩ ሥራው የሚያልቀው በወረቀት ላይ ነው፣ ስምንቱ ብቻ አርባ አምስት ዓመት ይፈጃል፣ ከልጆችህ እንዳትለይ ብዬ ጻፍኩ። ማክሰኞ ፖስታ ቤት አስገባሁት። ለሽማግሌውም ምን እንደጻፍኩ ነገርኳቸው። ሌላ ማስታወቂያ እናወጣለን፣ አሁንም መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ አሉ። የሚጠይቀኝ ሁሉ ያንኑ መልስ ነው የሚያገኘው። ይህንንም ነገርኳቸው።

እንግዲህ ተቆጪኝ፤ ይገባሻል። በገዛ አባቴና በገዛ እህቴ ፋንታ ለማላውቃቸው ልጆች አዘንኩ። ሳልጠይቅሽ ያንቺንም ወሰንኩ። ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ ልቤ ሞልቶ አልተኛሁም፤ ያሸግሁት ፖስታ ከቅርጫቱ ወጥቶ ቢገኝ የምልከው የሚመስለኝ ሰዓት አለ። አፍሬአለሁ። ናፍቃችሁኛልም፤ ይህን አፍ አውጥቼ ካልኩት ቆይቷል።

ለጠየቅሽው መልሴ ይህ ነው፤ የምመጣበት ወር የለኝም። ሰኞ ሰኞ መስኮት ቁጥር ሦስት መቆሜን አልተውም፤ አንድ ቀን ሕጉ ወይም የሽማግሌው ልብ ይለወጥ ይሆናል። አንቺ ግን በሱ ላይ ቀን እንዳትቆርጪ። ዘንድሮ አግቢ። አባባን ይዘሽ ወደ በያጁ ቤት መግባት ወይም እሱን ወደኛ ቤት ማምጣት የናንተ ነው፤ አክስታችን ከጓዳ ሆና ፍርዷን ትሰጥበታለች፣ ያለቀለት ጉዳይ ነው። እኔ እስክመጣ ብለሽ ባዶ ያኖርሽውን ክፍሌንም ያዙት።

አክስቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ሰርጉ የምትለውን ሁሉ ትበል፣ እኔን ግን በደንብ ትስደበኝ በያት። የእንግዳ ክፍላችንን የተከራዩትን ጡረተኛ አስተማሪ በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ለአባባ ይህን ደብዳቤ አንዲት ቃል ሳትዘይ አንብቢላቸው፤ ከእሳቸው የምደብቀው አልቀረኝም። እጃቸውን ሳሚልኝ፤ የሚሰማቸውን ግራ እጃቸውን።

በያጁን ከእንግዲህ አማቼ ብዬ ነው ሰላም የምለው። አንድ ነገር አደራ በይልኝ። አባባን ከአልጋ ሲያነሳ በቀኝ ብብታቸው ሥር አይያዛቸው፣ ትከሻቸውን ያማቸዋል። በግራ በኩል ገብቶ፣ ክንዳቸውን አንገቱ ላይ አስይዞ፣ ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ይጠብቅ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ ያንሳቸው። ይህን ሁሉ የማውቀው ካንቺ ደብዳቤዎች ነው። እኔ አንድ ቀን እንኳ አንስቻቸው አላውቅም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከምድር ቤቱ ክፍል
ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን